ልብስ ሰፊውና የሚስቱ ኪኒን

ሰፈሩ ልብስ ሰፊውን «ሬዲዮ» ይለዋል፤ ይናገራል እንጂ አይሰማም። አፉ ውስጥ ስፒል ደርድሮ እንኳ ያወራል። ልኬት የሚወሰድለት ሰውስ የት ይሄዳል? እጁን ዘርግቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ስለ ዓለም ኢኮኖሚም ሆነ ስለ ጨጓራ የታወጀለትን ሁሉ ያዳምጣል።

ሚስቱን ጎረቤቱ ሁሉ እታለም ይላታል። የስኳር በሽታ ከያዛት ቆይቷል። ምግብ ቀምሳ ነጯን ኪኒን ስትውጥ እሱ ዝም ብሎ አያውቅም። «ዶሮ ብትሆኚ ኖሮ እስካሁን በእንቁላል ፋንታ ኪኒን ትጥይ ነበር!» ይላታል። እታለም ውኃዋን ጠጥታ ብርጭቆውን ታጥባለች። ከሬዲዮ ጋር ማን ይከራከራል?

ባለፈው ዓመት ታዲያ ሽንት ቤት ገብቶ ደም አየ። ለማንም አልተነፈሰም። ሬዲዮ ሥርጭቱን ያቋረጠው ያኔ ነው፤ ታላቅ ወንድሙን የወሰደው የአንጀት ካንሰር ነበርና። በመጨረሻ እታለም የውስጥ ሱሪውን ስታጥብ ደርሳበት እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሟ በቀጭን ቱቦ አንጀቱን አየች፤ ጥቂት እባጮች አግኝታ ቆርጣ አወጣች።

«ገና ካንሰር አልሆኑም። ቢቆዩ ግን ሊሆኑ ይችሉ ነበር» አለችው።

ቀጥላም ስለ አንድ ጥናት ነገረችው። ሜትፎርሚን የሚባል፣ ለስኳር በሽታ የሚታዘዝ የቆየ ርካሽ ኪኒን አለ። እሱን የሚወስዱ ሰዎች በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ቀነስ ያለ ይመስላል ያሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ የለም፣ አይመስልም ያሉም አሉ።

«ስለዚህ እንፈትሻለን» አለች። «ገሚሱ ሰው እውነተኛውን ይወስዳል። ገሚሱ መልኩ ያው የሆነ፣ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ይወስዳል። የትኛው እንደ ደረሰዎ እርስዎም እኔም አናውቅም። ካንሰር ይከላከል አይከላከል ገና አልታወቀም። ገባዎት ጋሼ?»

«በደንብ!» አለ ጋሼ፤ ፈርሞም የጥናቱን ኪኒን ተቀበለ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ጆሮው ለቀም ያደረጋት «ይከላከል» የምትለዋን ብቻ ነበር።

በማግስቱ ስፌት ቤቱ የሕክምና ጉባኤ ሆነ። እጅጌ የሚለካለት ስለ ሴል ተማረ፤ ሱሪ ልታሳጥር የመጣችው ስለ ኢንሱሊን። «ካንሰር ስኳር ይወዳል፤ ኪኒኑ ስኳሩን ይነጥቀዋል፤ በቃ፣ በረሃብ ይሞታል!» እያለ የሰው ጨርቅ ላይ በጠመኔ ይስላል።

ቤት ሲገባ እታለም ጠየቀችው። «ታዲያ እኔ የምውጠው አይደል እንዴ?»

«ያንቺማ የስኳር ነው። የኔ የጥናት ነው።»

«እንዲያ ነው? እኔ ስጀምረው ሆዴን አገላብጦት ነበር። አንተን ምንም አላለህም?»

«የኔ ሆድ ብረት ነው።»

ብረቱን ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ዝገት ያዘው። ባዶውን ሰጥተውኝ ቢሆንስ? ሐኪሟን እንዳይጠይቅ፣ እሷም አታውቅም። ስለዚህ አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ሚስቱ ጀርባዋን ስታዞር ከብልቃጧ እየሰረቀ፣ ከራሱ ኪኒን ጋር ደርቦ ይውጥ ጀመር።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የሬዲዮን ሆድ ያወጣው ግን ኪኒን ነው። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ኮት ሊለካ መጥቶ፣ ስለ ሴል ትምህርት እየተሰጠው ሳለ ንግግሩ ድንገት ተቆረጠ። ሬዲዮ ሜትሩን ወርውሮ ግቢው ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት በረረ። ሥራ አስኪያጁ በአንድ እጅጌ፣ ስፒል በስፒል ሆኖ፣ ጃርት መስሎ ቆሞ ቀረ።

«መድኃኒቱ ሲሠራ እንዲህ ነው» አለ ሬዲዮ ተመልሶ፣ ላቡን እየጠረገ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ በየቀኑ ይሠራ ጀመር።

የእታለም ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። ኪኒኗ ከጊዜው በፊት እያለቀ አስቸገራት። «ረስቼ እየደገምኩ ይሆን?» ብላ በገዛ አእምሮዋ ተጠራጠረች፤ ሰግታም መዝለል ጀመረች። ለክትትል ሲሄዱ ነርሷ የደሟን ስኳር አይታ ተቆጣች።

«እታለም፣ ይሄ ምንድነው? ተደብቀው ጣፋጭ እየበሉ ነው አይደል?»

«በልጆቼ እምላለሁ፣ አልቀመስኩም! ጭንቅላቴ ነው የከዳኝ» አለችና እንባዋ መጣ።

ሬዲዮ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ እጇን ያዛት።

«ጭንቅላትሽ ደህና ነው። እኔ ነኝ የምወስደው።»

እታለም ቆመች። «ምኑን?»

«ኪኒንሽን። ወንድሜ እንዴት ሆኖ እንደሞተ አይተሻል። ፈራሁ።»

በሽተኛው ሁሉ እስኪዞር ጮኸችበት። «እኔ አበድኩ ብዬ ሳለቅስ አንተ ዝም ትላለህ? ‹ፈራሁ› ለማለት እኮ ሦስት ፊደል ይበቃል! አንተ ግን ለአገር ምድሩ ፕሮፌሰር ሆንክ!» ክንዱን ጨብጣ በቀጥታ ሐኪሟ ቢሮ አስገባችው።

ሐኪሟ ሰምታ ስታበቃ ግንባሯን ያዘች። ለጤናው ሲባል ምን ሲወስድ እንደ ነበር እንዲነገራት ለጥናቱ ኃላፊዎች ደወለች። ስልኩን ዘግታ ትክ ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ የደረሰዎ እውነተኛው ነበር።»

«እውነተኛው?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ። ሆዱን የማያውከው ሰው አለ። እርስዎ በእጅዎ ያለውን መድኃኒት ነው ከባለቤትዎ የሰረቁት። አሁን ኩላሊትዎ ይመርመር። ከጥናቱም ወጥተዋል።»

እታለም ለመቆጣት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ወንበር ይዛ ሳቀች። እሱ ጫማውን ያያል።

ቀጠሮው ደርሶ አንጀቱ ሲታይ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

«የኪኒኑ ሥራ ነዋ?» አለ።

«ወይም ቆርጠን ማውጣታችን ነው። ወይም ዕድል። ይህን ለመለየት ነበር ጥናቱ» አለችው ሐኪሟ።

አሁን የእታለም ስኳር ተስተካክሏል። ብልቃጧ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው።

በቅርቡ አንዲት አስተማሪ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። «ጋሼ፣ የስኳሩ ኪኒን ለካንሰር ይሆናል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? እህቴን አሟት ነው።»

ሬዲዮ ስፒሎቹን ከአፉ አወጣ። «አላውቅም። ገና እየተጠና ነው። ሐኪሟን ትጠይቅ» አላት።

አስተማሪዋ ቅር አላት። አላውቅም የሚል ሰው ምን ያደርጋል? ጨርቋን ትታ ጎረቤት ወዳለችው ፀጉር ሠሪ ገባች። እሷ ታውቃለች።