ባለ ሁለት ፋኑ ካርድ

ሰው ሁሉ ሚሊሜትር ነው የሚለው፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት መታወቂያውና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት አናጺ ሆኖ ሲሠራ አንድ ሳንቃ አበላሽቶ አያውቅም። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ የሚቆርጥ ሰው ነበር። ምን ዋጋ አለው! መጋዙ ሳይለካ ቆረጠና የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ይዞበት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ቤት ዋለ። ቤት መዋል ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሞት ነው፤ የድስት ክዳን ሳይቀር እየለካ ሚስቱን አስመረራት። በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ዕቃው ሲሸጥ፣ ከፋብሪካ ተገጣጥሞ የመጣ ኮምፒውተር ገዛና በቀሩት ጣቶቹ የኩሽና ካቢኔት መሳል ተማረ። ተማረ ስል ደግሞ እንዲያው ለወጉ አይደለም፤ እንጨት የሚያውቅ እጅ ነዋ!

ያን ኮምፒውተር ሲገዛ የሚስቱ ወንድም አብሮ ነበር። ሥራው ኮምፒውተር መጠገን ነው። "ጋሼ፣ ይሄ ዓይነቱ በኋላ ዕቃ ልጨምርበት ብትል ያስቸግርሃል። መጀመሪያ ልየውና ግዛ" አለው።

"ማን ጠየቀህ?" አለ ሚሊሜትር፣ በሰው ፊት።

ጠጋኙ ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ምክር የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም።

ኩሽና የሚሠራ አንድ ድርጅት ሥዕል የሚሠራለት ሰው ፈልጎ ነበርና፣ ሚሊሜትር ሥራዎቹን ይዞ ሄደ። ሥራ አስኪያጇ ወደደቻቸው። "ግን ደንበኛ ወረቀት አያይም። ኩሽናው ውስጥ እየዞረ የሚያሳይ ቪዲዮ እስከ ሐሙስ ጠዋት ያምጡልኝ። ከሐሙስ ካለፈ ሥራውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ" አለችው። የእሱ ኮምፒውተር ደግሞ ኩሽናውን አዙር ሲሉት ያቃስታል እንጂ አያዞርም። ምስል የሚያንቀሳቅስለት ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገዋል። ሚስቱ ለስፌት መኪና ያጠራቀመችውን አውጥታ በእጁ አስጨበጠችው።

"ወንድሜን ጠይቀው" አለችው።

"በልኬት ማን ይበልጠኛል?"

"ጠይቀው አልኩህ እኮ! ምላስህ ይወልቃል?"

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ የውስጡን ርዝመት፣ ቁመትና ውፍረት ለካ። በልኩ ካርቶን ቆርጦ እያስገባ እያወጣ ሞከረ። ከዚያ ካርቶኑን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደ።

ሻጩ ሁለት ካርድ አቀረበለት። አንደኛው መዳፍ የማይሞላ ነው፤ ዋጋውም ቀለል ያለ። "ይሄማ የልጅ መጫወቻ ነው" አለ ሚሊሜትር። ሁለተኛው ባለ ሁለት ፋን ነው፤ ክብደቱ ራሱ ያኮራል። ከካርቶኑ ጋር አስተያየው። ልክክ! እንዲያውም ሁለት ሚሊሜትር ተረፈው።

"ለብቻው የኤሌክትሪክ ገመድ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተርህ አለው?" አለ ሻጩ።

ሚሊሜትር ሁሉንም ለክቷል፤ ገመድ ግን አላየም።

"ባይኖረውም ችግር የለም፤ በዚህ ከሃርድ ዲስኩ ገመድ ላይ ቀጥለው" አለ ሻጩና አንድ አጭር ገመድ መረቀለት። ዓይኑን በጨው ያጠበ! የተሸጠ ዕቃ እንደማይመለስ መናገሩን ግን አልረሳም።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ካርዱን ገጠመው። ማመን አቃተው፤ ኩሽናው ዞረ! በሮቹ ተከፈቱ፣ መሳቢያዎቹ ወጡ ገቡ። ሚስቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

"እንዴ! ይሄ መስኮት የኛ አይደል?"

"የኛ ነው።"

"ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታስ?"

"የስፌት መኪናሽ ቦታ ነው" አለ ሚሊሜትር። ቪዲዮው ተሠርቶ ለማለቅ አርባ ደቂቃ ይቀረዋል ይላል ስክሪኑ። ሁለቱም ወንበር ስበው እንደ ፊልም ተመልካች ተቀመጡ።

ሠላሳ ደቂቃ ሲቀረው ከውስጥ ጧ አለ። ስክሪኑ ጠፋ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሚሊሜትር ማብሪያውን ደጋግሞ ተጫነ። ሚስቱ እሱን ሳታስፈቅድ ወንድሟ ጋ ደወለች።

ጠጋኙ ቦርሳውን አንግቶ ከች አለ። ከፈተው፣ አሸተተው፣ ራሱን ነቀነቀ። "ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍልለት ፓወር ሰፕላይ ለራሱም የማይበቃ ደካማ ነው፣ ጋሼ። ይሄን ትልቅ ካርድ ጫንክበት። ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱም ሄዷል።"

"ሥዕሉስ?" አለች ሚስቱ።

"ገመዱን የቀጠልከው ሥዕሉ ካለበት ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩም አብሮ ተቃጥሏል። ሥዕሉን ሌላ ቦታ አስቀምጠኸዋል፣ ጋሼ?"

ያስቀመጠው እዚያው ብቻ ነበር። የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር።

ጠጋኙ ቦርሳውን ከፍቶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። መዳፍ የማይሞላ ካርድ ነው፤ ሚሊሜትር ሱቅ ውስጥ መጫወቻ ያለው ዓይነት። "ይሄ ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም፤ ማዘርቦርዱ የሚሰጠው ይበቃዋል። ቀስ ይላል እንጂ ቪዲዮህን ይጨርስልህ ነበር። እህቴ ስለ ሥራው ከነገረችኝ ቀን ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አሁንማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ፣ አንተ ልጅ!" ብላ ጮኸችበት።

"ማን ጠየቀኝ?" አለ ጠጋኙ፣ አንገቱን ደፍቶ። ለማሾፍ አልነበረም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ሚሊሜትር ትንሹን ካርድ በሦስት ጣቱ ይዞ ወዲያና ወዲህ አገላበጠው። ከኪሱ ሜትሩን ሊያወጣ ጀመረና ተወው።

"ነገ ሄጄ ሥራ አስኪያጇን ምን ልበላት?" ብሎ ጠየቀው።

ጠጋኙ እህቱን አየ፣ የተከፈተውን ኮምፒውተር አየ።

"እኔ እንጃ፣ ጋሼ" አለ።