ቀዩን ቁልፍ ማን ነካው?

ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ አፍንጫዬ የራሴ አልመስል ብሎኝ ነበር፣ እንደዛ ነው የቀዘቀዘው። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ወደ ኩሽና ስወርድ ማሚ ካፖርት ለብሳ ወጥ ታማስላለች። ኦቨኑን ወለል አድርጋ ከፍታዋለች።

«ፈርነሱ እምቢ አለ» አለችኝ፣ ቤቱን የሚያሞቀውን ማሽን ልክ እንዳኮረፈ ዘመዳችን አስመስላ።

እንግዲህ ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ነገር ነው። የዛን ቀን ግን የሚካኤል ማኅበር ተራ የኛ ነበር። ሜፕልዉድ ከተማ አፓርታማ ውስጥ እያለን የማሚ ተራ ሲደርስ የሰው ቤት ለምና ነበር የምትደግሰው፣ ምክንያቱም የኛ ሳሎን ጥቂት ሰው ከገባበት የቀረው አልጋ ላይ ነው የሚቀመጠው። ባለፈው ሰመር ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ የሚባል ከተማ ይሄን አሮጌ ቤት ገዛን። ማሚ ቁልፉን ስትቀበል መጀመሪያ ያለችው «አሁን ማኅበሩ እኔ ቤት ይመጣል» ነው። ስለ መኝታ ቤት ምናምን እንኳን ትዝ አላላትም።

ቤቱ የሚሞቀው በኦይል ነው። እዚህ የማውቀው ሰው ሁሉ ቤቱን የሚያሞቀው በጋዝ ስለሆነ የማሚ ጓደኛ እትዬ ብዙነሽ ሲሰሙ «በናፍጣ? እንደ አውቶብስ?» ብለው ነበር። ማሚ ያቺን ነገር አልረሳቻትም።

አባቴ ትራክ ነው የሚነዳው፣ ያን ሳምንት ኦሃዮ ነበር። ስለዚህ ፈርነሱ ወዳለበት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ፣ የወረድኩት እኔ ነኝ። ማሚ ቀዩን ሪሴት፣ የፈርነሱን ማስነሻ ቁልፍ፣ አንዴ ተጭናው ነበር፤ ሞተሩ ትንሽ እንደዞረ ቀጥ አለ። ቤቱን ስንገዛ ፈርነሱን ላየልን ቴክኒሻን፣ ለኤዶሳ ደወልኩለት። ስኔሊንግ አቨኒው አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሥራ ላይ ነበር። ቴርሞስታቱን፣ የሙቀት መቆጣጠሪያውን፣ ከፍ አድርጌው እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አድርጌዋለሁ። ታንኩ ውስጥ ኦይል አለ ወይ አለኝ፤ አለ፣ ጌጁ ግማሽ ላይ ነው። ሞተሩ ይዞራል ወይ? ይዞራል፣ እሳት ግን የለም።

«እንግዲያው ብልጭታው ነው እምቢ ያለው» አለኝ። «ስሚኝ ሆሳዕና፣ ቀዩን ማንም እንዳይነካው። በተጫናችሁት ቁጥር ዘይት ይረጫል፣ የሚያቃጥለው የለም፣ እዛው ሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ያ ሁሉ አንዴ የተያያዘ ቀን አያድርስ ነው። ቤት ላለ ሰው ሁሉ ንገሪ፣ ከሰዓት እደርሳለሁ።»

ለሰው ሁሉ ንገሪ ማለት ቀላል ነው። ማሚ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀችኝ። ምግቡ ትኩስ ነው፣ ሰው ሲበዛ ደግሞ ቤቱ በራሱ ይሞቃል፣ ማን ያውቃል? ወረቀት ጽፌ ቁልፉ ላይ ልለጥፍ ብላት «እንግዳ ያነበዋል» አለችኝ። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

እንግዶቹ መጡ። እና እዚህ ጋ የኛን ሰዎች ማወቅ ያስፈልጋል። ሁሉም በር ላይ እንደቆሙ ቤቱ እንደቀዘቀዘ ገብቷቸዋል፣ ከአፋቸው ጭስ ይወጣል እኮ። ግን አንድም ሰው በረደኝ አላለም። «እንዴት ያለ ደስ የሚል ቤት ነው ሮማንዬ» እያሉ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀመጡ። አንዲት ሴትዮ ጓንት አድርገው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ማሚም ካፖርቷን አውልቃ፣ በስስ የሐበሻ ቀሚስ እየተንቀጠቀጠች «ኧረ ካፖርታችሁን አውልቁ፣ ተጫወቱ» ትላለች።

ከዛ አንድ በአንድ «መጸዳጃ ቤት የት ነው?» ማለት ጀመሩ። እኔ ፎቅ ላይ ነው ብዬ እጠቁማለሁ፣ ቆሎና ሻይ ላቀርብ እዞራለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር ማን ወዴት እንደሄደ ልብ አላልኩም። ልብ ያልኩት የናፍጣ ሽታ ከታች ሲመጣ ነው።

ሮጬ ስወርድ ጋሽ ሐብተማርያም ፈርነሱ ፊት ጎንበስ ብለዋል። እሳቸው የማኅበሩ ሙሴ ናቸው። እሳቸው ሳይነሱ ማንም አይነሳም፣ እሳቸው ሲናገሩ ስልክ እንኳን አይጠራም። አሁን ግን ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ጣታቸውን ቀዩ ቁልፍ ላይ አሳርፈዋል።

«ጋሼ፣ እባክዎ እጅዎን ያንሱ» አልኳቸው። ድምፄ እንደ ድመት ቀጠነ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ትንሽ ነው የቀረው። ቅድም ስጫነው ሊነሳ ብሎ ነበር።»

«ቅድም?»

«እናትሽ እንዳታፍር ብዬ ነው፣ ዝም ብዬ ላስነሳላት።»

ኤዶሳ ያለኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ዘይቱ እንደሚረጭ፣ እሳት እንደሌለ፣ ሆዱ ውስጥ እንደሚጠራቀም። ጣታቸውን አነሱና የሌላ ሰው ጣት ይመስል አዩት።

«ከኔ ሌላ የነካው አለ?»

በትልቅ ሰው ላይ አይመሰከርም። ግን ዝም ብል ደግሞ ቤቱ ሊነድ ነው። «መጸዳጃ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ሰው ሁሉ ግን ወደዚህ ሳይወርድ አልቀረም።»

ወዲያው ለኤዶሳ ደወልኩ። ደረጃው አጠገብ ያለውን የፈርነሱን ማጥፊያ አጥፊው አለኝ፣ አጠፋሁት። ለሰው ንገሪ ብዬሽ አልነበረም ወይ ብሎ ተቆጣኝ። ማስረዳቱ ረጅም ስለሆነ ይቅርታ ብዬ ዘጋሁት።

ወደ ላይ ስንወጣ ነገሩ ብሶ ጠበቀን። እትዬ ብዙነሽ የዶሮውን ድስት በሁለት ጨርቅ ይዘው በር ላይ ደርሰዋል። ለሽማግሌዎቹና ለሕፃናቱ ብዬ ነው፣ የኔ ቤት ሜፕልዉድ ቅርብ ነው፣ ሙቅ ነው፣ ሁሉም በየመኪናው ይነሳ ይላሉ። አንዳንዱ መነሳት ጀምሯል። ማሚ ድስቱን አልቀማችም፣ አልተከራከረችም። መሀል ሳሎን ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። በቃ፣ ገባኝ። ማኅበሩ ከበሩ ከወጣ ማሚ እድሜ ልኳን ማኅበር ጥሏት የወጣ ሴት ናት።

ጋሽ ሐብተማርያም ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ።

«ብዙነሽ፣ ድስቱን አስቀምጪው። ማኅበር የሚሄደው ተራው ወደደረሰው ቤት ነው፣ ሙቀት ወዳለበት አይደለም። ከበረደን እንለብሳለን።»

ለምን እንደዛ እንዳሉ የማውቀው ቤዝመንት ውስጥ ያገኘኋቸው እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸውም ወደኔ አላዩም። እትዬ ብዙነሽ ድስቱን መለሱት፣ ግን ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው ነው።

ኤዶሳ ቦቲው ላይ በረዶ እንደያዘ ደረሰ። ቤዝመንት ወርዶ አሸተተና ተመልሶ ሳሎን መሀል ቆመ።

«ይቅርታ፣ ስንት ጊዜ እንደተጫናችሁት ማወቅ አለብኝ። ስንት ዘይት እንደማወጣ እንዳውቅ።»

ማሚ በሚካኤል ስም ምላ፣ አንዴ ብቻ፣ እኔ ነኝ አለች። አንዱ ጣሪያውን ያያል፣ አንዷ የልጇን ጫማ ታስራለች፣ ጫማው ማሰሪያ የለውም።

«እኔ ሁለቴ» አሉ ጋሽ ሐብተማርያም። «ሦስተኛውን ይቺ ልጅ አስጣለችኝ።»

ከዛ በኋላ እንደ ንስሐ ሆነ። ጓንት ያደረጉት ሴትዮ አንዴ፣ ባለቤታቸው ሁለቴ፣ አንዱ ቆጥሬ አላውቅም አለ። ኤዶሳ ጭንቅላቱን ይዟል። ማሚ አፏን በነጠላ ሸፍና ከአንዱ ወደ አንዱ ታያለች። ለካ ሁሉም አውቀዋል። ለካ ሁሉም እሷ ሳታውቅ ሊያስነሱላት እየተደበቁ ወርደዋል።

«እኔ አራቴ» አሉ እትዬ ብዙነሽ መጨረሻ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው።

«አንቺ?» አለች ማሚ።

«ታዲያ ሳልሞክር ነው ድስት የማነሳው?»

ማሚ ሳቀች። ሳቋ ወደ ለቅሶ ሄደና ተመልሶ ሳቅ ሆነ፣ ከዛ ሁሉም ያዛቸው።

ኤዶሳ በርነሩን፣ የፈርነሱን ማቃጠያ፣ ከፈተና ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች አወጣ። ብልጭታው የሚዘለው በነሱ ጫፍ መካከል ነው። አንደኛው ያቀፈው ነጭ ሸክላ ተሰንጥቆ ጥቁር ሆኗል። ኤሌክትሪኩ ጫፉ ላይ ሳይደርስ በስንጥቁ በኩል ወደ ብረቱ እየሸሸ ነው አለኝ። አዲስ ቀየረ፣ ክፍተቱን ለካ፣ የተጠራቀመውን ዘይት መጠጠ፣ ጠረገ። ጨርቅ አቀባይዋ እትዬ ብዙነሽ ነበሩ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «እዚህ ጋ ቀርቶሃል» እያሉ ቁም ስቅሉን አሳዩት። ሲያስነሳው ፈርነሱ አጉረመረመ፣ የቀረችውን ዘይት እስኪጨርስ ነው አትፍሩ አለ፣ ከዛ ድምፁ ተስተካከለ።

ጸሎት ተደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። ኤዶሳንም ሳይበላ የሚለቀው አልተገኘም።

ወደ ማታ ሰው ሁሉ ሲሄድ እትዬ ብዙነሽ ሶፋው ላይ፣ የሙቀቱ መውጫ አጠገብ፣ አፋቸውን ከፍተው ተኝተው አገኘኋቸው። ልቀስቅሳቸው ብዬ ጎንበስ ስል ማሚ እጄን ያዘችኝ። ጋቢ አምጥታ ደረበችላቸውና ቆማ አየቻቸው።

«ተያት፣ ትተኛ» አለችኝ በሹክሹክታ። «እኔ ቤት እኮ ነው የተኛችው።»