ክብደት የሌለው ጆሮ

የስልክ ኩባንያው ደንበኞች ድምፅ ተቆራረጠብን ብለው ማማረር ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ኃላፊው ምክንያቱን የመፈለጉን ሥራ ለአንዲት መሐንዲስ ሰጣት። ዝምተኛ ናት፤ አንድ ነገር ከያዘች ግን ሳትጨርስ እህል አይታያትም።

ፈልጋ አገኘችው። ጥሪ በሚያስተላልፈው ማሽን ውስጥ፣ ከርነል በሚባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ የሚያልፈውን የድምፅ ቁራጭ ሁሉ የሚያስቆሙ፣ መንጠቆ የሚባሉ ኮዶች አሉ። አብዛኞቹ ባዶ ናቸው፤ ያስቆማሉ፣ ምንም ሳያደርጉ ይለቃሉ። አንዱ ግን የጥቂት ሰዎችን ጥሪ ለመጥለፍ የተተከለ ነው። እነሱን ለማግኘት ሲል የሁሉንም ሰው ይገለብጣል፣ ያገላብጣል።

«ይሄን ብናነሳው እንገላገላለን» አለችው ኃላፊውን።

«እሱ አይነሳም፤ በጥቂት ሰዎች ላይ የወጣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለበት። ማቅለል ትችያለሽ?»

ቻለች። ድምፁ ባዶዎቹን መንጠቆዎች ሳይነካ እንዲያልፍ አደረገች። የመጥለፊያውን ኮድም ከሥሩ አፍርሳ ጻፈችው፤ መገልበጡ ቀርቶ ቁራጩ ባለበት እንዲታይና እንዲለቀቅ። ጥሪው ኩልል አለ። ባልደረቦቿ «ምላጭ» የሚል ስም አወጡላት። ደስ አላት፣ መደበቅም አልቻለችም።

በዚያው ሰሞን አስተማሪ ለሆነው ታላቅ ወንድሟ ደወለች።

«ወንድምጋሼ፣ ይሰማሃል?»

«አጠገቤ የቆምሽ ነው የሚመስለው፣ ሚጣ።»

ሁለት ባልደረቦቹ ያለጥፋታቸው እንደተባረሩ ነገራት። ሰኞ ማንም ክፍል እንዳይገባ እየመከሩ ነው፤ ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ሰብሰብ አድርግ።»

«ለአንቺ ነው እኮ የምነግርሽ» ብሎ ሳቀ።

ሰኞ ሳይደርስ ወሰዱት። ሚስቱ ለመሐንዲሷ ደወለች። «ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብለሃል አሉት። ለእኔ እንኳ አልነገረኝም። ለማን ነው የተናገረው?»

መሐንዲሷ ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«መንጠቆው በማን ላይ ነው የሚሠራው?»

«በሁሉም ላይ» አላት፣ ቀና ሳይል። «ካቀለልሽው ወዲህ ማሽኑን ምንም አይከብደውም።»

«ትእዛዙ ለጥቂት ሰዎች ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ጥቂት የነበሩት ማሽኑ ስለማይችል ነዋ። አሁን ይችላል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም እናቴን የማወራው በዚሁ ስልክ ነው፣ እህቴ። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ወደ ወንበሯ ተመልሳ የድሮውን ኮድ መለሰችው። ጥሪው መቆራረጥ ጀመረ፤ እሷም እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አንዱ ባልደረባዋ አዲሱን መልሶ ጫነው፤ አሠራሩን ቁጭ አድርጋ ያስተማረችው ራሷ ናት። ከሰዓት በኋላ መታወቂያዋን ተቀብለው ከበር አስወጧት።

በማግስቱ እስር ቤቱ በር ላይ ከወንድሟ ሚስት ጋር ተሰለፈች። ንጹሕ ሸሚዝ ይዘዋል። ዘበኛው ተቀብሎ ገባና ብዙ ቆይቶ ወጣ፤ ሸሚዙን እንደታጠፈ መለሰላቸው።

«እዚህ የለም» አለ።

«የት ወሰዳችሁት?» አለች የወንድሟ ሚስት።

ዘበኛው ከኋላቸው የቆመችውን ሴት ጠራ።