የፍስሃ ትንፋሽ

«ያቺን ዓረፍተ ነገር መልሳት» አለች ፀደንያ። «ፍስሃ የሙት ስም ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር እንጂ እንዲህ አይጮህም።»

የድምፅ ባለሙያዋ በዳሳ ኮምፒውተሩን ነካካ። ፍስሃ ከድምፅ ማጉያው ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና አነበበው፤ አሁን ዝቅ አድርጎ፣ ልክ እንደ ልማዱ። ጽሑፉን ፀደንያ የጻፈችው ትናንት ነው። ፍስሃ ግን ክረምቱ ሳይገባ ለአጎቱ ተዝካር ወደ ደሴ ሲሄድ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል፤ የተቀበረውም እዚያው በአባቱ ደብር ነው።

«አሁንስ?» አለ በዳሳ።

«አሁን እሱ ነው» አለችና ክንዶቿን አሻሸች። ስቱዲዮው ቀዝቅዟል። እሷ ደግሞ ፍልሰታ ነው ብላ ቁርስ ትተዋለች፤ ጾም ሲፈታም መብላቱን ትረሳዋለች። ባዶ ሆድ ሰውን ለስንት ክፉ ነገር እንደሚያመቻች ማን ይንገራት!

ፀደንያ በመንግሥት ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረችው የካሜራ ገመድ በመጠቅለል ነው። ረዳት ሆነች፣ ቆይታም ፕሮዲዩሰር። የእሑድ ከሰዓት ፕሮግራሟ ሲዘጋባት መልቀቂያዋን አስገብታ ወጣች። ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይታ የራሷን የሚዲያ ድርጅት ስታቋቁም ተከትሏት የወጣው ፍስሃ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ያለ ደመወዝ ተረከላት። ሰው «ከደጅ እስከ ደጅ» የሚለውን ፕሮግራሟን የሚከፍተው ለሥዕሉ ሳይሆን ለእሱ ድምፅ ነው። ከጣቢያው ጋር የተፈረመው ውልም «በፍስሃ ትረካ» ይላል።

ሲሞት የዓመቱ ፕሮግራም ገና አላለቀም ነበር። በዳሳ የቆዩ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ለኮምፒውተሩ መገበው፤ ኮምፒውተሩም በፍስሃ ድምፅ የተጻፈለትን ሁሉ መናገር ቻለ። ቤተሰቡ ደግሞ የልብ ሕመምተኛ የሆኑት እናቱ እስኪረዱ ድረስ ሞቱ በሚዲያ እንዳይነገር ለመነ። ልመናውና ሥራው ገጠሙ። እናቱ እማማ አፀደም በየሳምንቱ ልጃቸው ስለ ዘንድሮ ዝናብ፣ ስለ ዘንድሮ ሰብል ሲያወራ እየሰሙ፣ «ቆላ ለመስክ ሥራ ሄዷል» የተባሉትን አምነው ተቀመጡ።

አንድ ነገር ብቻ ኮምፒውተሩ አያውቅም። ፍስሃ ልጅ ሳለ ከካብ ወድቆ አፍንጫው ተሰብሮ ስለነበር ሲተነፍስ ያፏጫል። «ትንፋሹን ቁረጡት» የፀደንያ የዘወትር ትእዛዝ ነበር፤ በቅጂዎቹ ላይ አንድም አልቀረም። እሱም «ያን ሁሉ ትንፋሽ የት ነው የምታጠራቅሙት? አንድ ቀን መጥቼ እረከባችኋለሁ» እያለ ያስቃቸው ነበር። አሁን ቀልዱን የሚያነሳ የለም።

ስልኳ ጠራ። የፍስሃ እህት ሰብሊ ናት።

«ፀዲ፣ እማዬ መድኃኒቷን አልውጥም አለች።»

«ለምን?»

«‹ለአገር ሙሉ የሚያወራ ልጅ እናቱን ማናገር እንዴት ያቅተዋል? እሱ ካልደወለ ክኒን የሚባል ወደ አፌ አይገባም› ትላለች። ትናንትም አልዋጠችም። ዶክተሩ እንዳታቋርጥ ብሎ አስጠንቅቆናል።» ሰብሊ ድምፅዋን አሳነሰች። «ያ ኮምፒውተራችሁ… ሲያናግሩት ይመልሳል?»

ፀደንያ ወደ በዳሳ ዞረች። ሰምቷል። ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ «እዚህ ሆኜ ከጻፍኩለት ይናገራል። በስልክም ይሆናል» አለ።

«ሰብሊ፣ ይሄ እኮ…»

«አንድ ጊዜ ብቻ! ክኒኗን እስክትውጥ። ትንሽ ትጠንክር ብለን መርዶውን ለመስከረም ነው የቆረጥነው። አሁን ብትሰማ ልቧ ቀጥ ይላል። ደግሞስ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ታሰሚያት የለ? ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ፀደንያ ወረቀትና እስክሪብቶ ሳበች። ሰብሊ ወንድሟ ከእናቱ ጋር እንዴት እንደሚያወራ ነገረቻት፤ እናቱን የሚጠራው የእሳቸው ታናናሽ እህትና ወንድሞች እንደሚጠሯቸው «እታለም» ብሎ ነው። በዳሳ ያችን ቃል አስቀድሞ ጻፋት።

ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ፣ «የዛሬ ማታውን ክፍል ለጣቢያው ልላከው?» አላት።

«ቆይ፣ እነግርሃለሁ።»

እማማ አፀደ ወደሚኖሩበት ቦሌ አራብሳ ስትደርስ ዝናቡ መንገዱን አጥቦታል። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ መደገፊያው ተነቅሏል፤ በዚያ ላይ እርጥብ ነው። ሰው እየወጣ እየወረደበት የሚያስጠግነው ጠፋ! ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ጎረቤት በሯን ገርበብ አድርጋ ትጠብቃታለች።

«ፈቲያ እባላለሁ። ጥቁሩን እዚህ አውልቂ፣ የኔ እህት።»

ፀደንያ ፍስሃ ከሞተ ወዲህ የምትለብሰውን ጥቁር ነጠላ አወለቀች። ፈቲያ ከበሩ ኋላ ያለ ትልቅ ፌስታል ከፈተችላት። ውስጡ ሊጠይቋቸው የሚመጡት ሁሉ ለመመለሻ የሚተዉት ጥቁር በጥቁር ነው፤ ነጠላ፣ ሹራብ፣ የአንገት ልብስ። ከላይ ከሚስማር ላይ አንዲት አበባማ ሻሽ ተንጠልጥላለች።

«ይችን እሰሪያት። ለሐዘንተኛው ሁሉ ያስቀመጥኳት ናት።»

«ሕንፃው ሁሉ ያውቃል?»

«ከእሳቸው በቀር ሁሉም ያውቃል። አላህ ይቅር ይበለን፣ ሳገኛቸው ምን ቢያወሩኝ ይሻለኛል እያልኩ በቀን ስንት ጊዜ እጨነቃለሁ መሰለሽ።»

ፀደንያ ሻሹን አሰረች። ጨርቁ የሌላ ሴት ቅባት ይሸታል፤ ገና ሙቀቱም አልወጣለትም።

አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ባለው ቤታቸው እማማ አፀደ በመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከፊት ለፊታቸው ቴሌቪዥኑ ድምፁን ቀንሶ ያወራል። የፍስሃ ጃኬት ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ኪሱ አሁንም ወጠር እንዳለ።

«ነይ ፀዲዬ። ምነው ከሳሽ? አትበይም እንዴ?» ስመው ከጨረሱ በኋላ አይተው አይተው ዓይናቸው ሻሿ ላይ ቆየ። «ይቺ ሻሽ እንዴት ያለች ተጓዥ ናት! እሑድ በእህቴ ልጅ ራስ ላይ መጣች፤ በማግስቱ በዕድራችን ሴትዮ ራስ ላይ። ዛሬ ደግሞ ባንቺ። አዲስ አበባ ላይ ሻሽ ጠፋ?»

ሰብሊ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። «ፋሽን ነው፣ እማዬ።»

«ይሁና። የፋሽን ነገር እኔ ምን አውቄ።»

ስልኩ ጠራ። ሰብሊ ዘላ አነሳችው። «እማዬ፣ ፍስሃ ነው!» አለችና ድምፅ ማጉያውን ከፍታ እናቷ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«እታለም፣ እንዴት ዋልሽ?» አለ ፍስሃ።

ቢሮ ውስጥ ይህ ድምፅ ከሣጥን የሚወጣ የሥራ ዕቃ ነው። እዚህ ግን ጃኬቱ ባለበት ክፍል፣ ራቱን በበላበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ የቤቱ ሰው ሆኖ ገባ። ፀደንያ ሳታስበው ወደ በሩ ዞራ አየች።

«ፍስሃዬ! በላህ?»

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ከከተማው ወዲያ ጫፍ በዳሳ እየጻፈ ነው።

«በልቻለሁ፣ እታለም።»

«በዚያ ቆላ ለጾም ምን አበሉህ?»

መልሱ አሁንም ቆየ። «ሽሮ።»

«ምነው እየቆየህ የምትመልስልኝ?»

«ኔትወርኩ ነው። እታለም፣ መድኃኒትሽን ዋጪልኝ።»

ሰብሊ ክኒኑንና ውሃውን አቀረበች። እማማ አፀደ አላዩትም። ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ተንፍስ እስቲ» አሉ።

«ምን አልሽ፣ እታለም?»

«ተንፍስልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ አንድ ጊዜ ተንፍስልኝ።»

በዳሳ ምን ይጻፍ? ትንፋሽ በፊደል አይጻፍም። ፀደንያ የሻሹን ጫፍ በጣቷ ጠመዘዘች፤ ኮምፒውተሩ የሌለውን ሊሰጥ እንደማይችል ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ስልኩ ተነፈሰ።

አጭር፣ ጥርት ያለ ትንፋሽ ነበር። ሰብሊ በአፏ ላይ እጇን ጫነች። ፀደንያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ቆይታ ነው የገባት። በዳሳ ምን እንደሚያደርግ ግራ ቢገባው በማይክሮፎኑ ራሱ ተንፍሶ ነው።

«ይሄ የእሱ አይደለም» አሉ እማማ አፀደ፤ አልጮኹም፣ አልተቆጡም። «የእሱ ያፏጫል። ይሄ የልጅ ነው፤ የፈራ ልጅ። አይዞህ፣ አንተ። እናት አለችህ?»

ሰብሊ ስልኩን ልትነጥቅ ስትንደረደር መዳፋቸውን አንስተው አገዷት። ጠበቁ። ከዚያ ያ አገር የሚያውቀው የፍስሃ ድምፅ፣ ሳይቸኩል፣ እያንዳንዱን ቃል እያሳመረ መለሰ።

«አለችኝ፣ እማማ። ወሊሶ ናት።»

«በል ደውልላት። በራስህ ድምፅ።»

ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ በግንባሩ ደፉት። ቀጥሎ እጃቸውን ወደ ሰብሊ ዘረጉ።

«ክኒኑን አምጪው። ለለቅሶ ጉልበት ያስፈልጋል።»

«እማዬ፣ ምን ዓይነት ነገር ነው የምታወሪው? ፍስሃ እኮ…»

«ዝም በይ።» ክኒኑን ዋጡ፤ ውሃውን እስከ ታች ጠጡት። «ይቺ ሻሽ ስትመላለስ እኔ ዝም ብዬ አያለሁ። ማንም ሳያረዳኝ ብድግ ብዬ እዬዬ ልበል? ያልሞተ እንደሆነስ? በገዛ አፌ ልግደለው? እሱ እኮ በየሳምንቱ በዚህ ሣጥን ያወራል።» ወደ ፀደንያ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የምታናግሪው። እኔ ሳልሰማ አላለቅስም፣ ልጄ። ሳላለቅስ ደግሞ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።»

ሰብሊ ከእናቷ ኋላ ቆማ ለፀደንያ ራሷን ትነቀንቃለች። እባክሽ፣ መስከረም ድረስ።

«መጣሁ» አለች ፀደንያ።

ግድግዳውን ይዛ ደረጃውን ወረደች። ፈቲያ በር ላይ ስትደርስ ስልኳ ነዘረ። በዳሳ ነው። ‹ይቅርታ፣ መዋሸት አቃተኝ። ፋይሉን ልላከው? ጣቢያው እየደወለ ነው።›

ካልተላከ ውሉ ይፈርሳል። ከተላከ ዛሬ ማታ ፍስሃ ከዚያ አልጋ ፊት ለፊት እንደገና ማውራት ይጀምራል።

‹አትላከው› ብላ ጻፈች። ‹የፍስሃንም ድምፅ ከኮምፒውተሩ አጥፋው። ከዚያ እናትህ ጋ ደውል።›

«ጨረስሽ?» አለች ፈቲያ፣ ሻሹን ለመቀበል እጇን ዘርግታ።

«አልጨረስኩም። የነፍስ አባታቸውን የሚያውቅ ካለ ቶሎ አስጠሪልኝ። መኪና ያለው ጎረቤት ካለም ደጅ ላይ ይቁም፤ ለክፉም ለደጉም።»

ሻሹን ፈትታ ሚስማሩ ላይ መለሰችው። ከፌስታሉ ውስጥ ጥቁር ነጠላዋን ፈልጋ አወጣች፤ ለበሰችው። ፈቲያ የሌሎቹን ጥቁር ልብስ እያወጣች በየተራ ክንዷ ላይ መደርደር ጀመረች።

ፀደንያ ደረጃውን ተመልሳ ወጣች።