የዲሪባ ቀኝ እግር

ቀኝ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ በነጭ ጨርቅ ተጠምጥሟል። ከጥምጥሙ ብቅ ያሉት ጣቶቹ የስፌት መኪናውን መርገጫ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ያደርጋሉ፤ መርፌው ከላይ ይሮጣል። ዲሪባ ዓይኑ መርፌው ላይ ነው። ልቡ ግን ነገ ላይ ነው፤ ነገ ከኢተያ እስከ አሰላ ይሮጣል።

ውድድሩን ያወጡት ራሳቸው ሯጮቹ ናቸው፤ ዳኛ የለው፣ ዋንጫ የለው። ከአሰላ ሁለት፣ ከኢተያ ሁለት ሆነው ይሮጣሉ። የሚቆጠረው ቀድሞ የገባው ሳይሆን ከጥንዱ ኋላ የቀረው ነው፤ ጓደኛውን ጥሎ የሚበር ጀግና አንፈልግም ብለው ነው። አንድ ሰው የጎደለበት ወገን ደግሞ እንደ ተሸነፈ ይቆጠራል። አምና ፖስታ ቤት የሚሠራው አሳምነው አንደኛ ገብቶ ሳለ፣ ዲሪባ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠረውና የኢተያው ወልደጻድቅ አልፎት ሄደ። አሰላ ተሸነፈች። አሳምነው አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም። ዲሪባን ያቃጠለውም ይኸው ነው፤ ቢሰድበው በወጣለት ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሳይል፣ ጭቃ ሳይል፣ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ዳገቱን ሲወጣ ከረመ። መስከረም ሲጠባ ግን ኮረት ረገጠና እግሩ ወለም አለው።

ወጌሻዋ አዴ ከዲጃ በቅቤ አሹት፣ አሰሩት፣ አዘዙትም። «ቁጭ በል! እኔ ተነስ ሳልልህ እንዳትራመድ» አሉት። ዲሪባም ታዛዥ ነው፣ ቁጭ አለ። ጧት ጧት አሳምነው በብስክሌቱ ኋላ አፈናጥጦ ሱቅ ያደርሰዋል፣ ማታ ለእሽቱ አዴ ከዲጃ ዘንድ አድርሶ ቤቱ ይመልሰዋል። በመካከሉ ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። እግሩ ግን ወይ ፍንክች! ማታ ሲታሽ ሻል ይለዋል፣ በማግስቱ አብጦ ይመለሳል። አዴ ከዲጃ ተጨነቁ፤ በእድሜያቸው እንዲህ ያለ እልኸኛ ወለምታ አልገጠማቸውም።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፣ ገበያ። ሁልጊዜ ወደሳቸው የሚሄደው እሱ ስለሆነ አዴ ከዲጃ ሱቁን ረግጠውት አያውቁም። ዛሬ ግን የልጃቸው የአስያ የሠርግ ቀሚስ ስለሚያልቅ እግረ መንገዳቸውን ብቅ አሉ።

«አዴ! ይግቡ፣ ይግቡ! እጅጌዋ ብቻ ናት የቀረችኝ» አለ ዲሪባ። እጁም እግሩም አላቆመም።

አዴ ከዲጃ ግን ደጃፉ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ያ ረቢ! እግርህ ምን እያደረገ ነው?»

«የቱ?»

«የቱ ይለኛል እንዴ! ያሰርኩት ነዋ!»

ዲሪባ ጎንበስ ብሎ አየ። መርገጫው ቆመ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲረግጠው የኖረ ነገር ነውና ሥራ ብሎ ቆጥሮት አያውቅም፤ እንደ መተንፈስ ነበር።

«ቁጭ በል ነው ያሉኝ» አለ፣ ድምፁ ሰለል ብሎ። «ቁጭ ብያለሁ እኮ።»

አዴ ከዲጃ ሊጮኹበት አፋቸውን ከፍተው ነበር። መርፌው ሥር ያለውን ቀሚስ ሲያዩት መልሰው ዘጉት። ጠርዙ በሙሉ በክር አበባ ተዘምዝሟል። እሳቸው ያዘዙት ልሙጥ ነበር።

«አበባውን ማን አዘዘህ?»

«እርስዎ ሲለፉብኝ... እኔ ደግሞ በምን ላስደስትዎት? አሳምሬ ልስፋላት ብዬ ነው።»

«አይ የኔ ሞኝ! እኔ ማታ ያሸሁትን አንተ ቀን ለእኔው ብለህ ስታፈርሰው ከረምክ!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወዲያው ተቀምጠው ጥምጥሙን ፈቱና ቁርጭምጭሚቱን ጫን አሉት። ዲሪባ ከንፈሩን ነከሰ።

«ነገ የሚባል ነገር የለም።»

«አዴ፣ እኔ ካልሮጥኩ ተሸነፍን ማለት ነው። አምናም በእኔ፣ ዘንድሮም በእኔ?»

«ነገ ዳገቱን ከወጣህ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ዳገት አትወጣም። ነገርኩህ እንግዲህ።»

ዲሪባ የተፈታውን ጥምጥም አየ። ጥብቅ አድርጎ አስሮ መሮጥ ይችላል፤ አንድ ቀን ነው። ያን ሁሉ ዝናብ የቻለው ለዚች ቀን አይደለም? ደግሞ ሌላ ክረምት፣ ሌላ ዳገት አሰበ። ከዳገቱ ጋር ምን ያህል እንደ ተላመደ የገባው ያኔ ነው፤ ዳግም ሳይወጣው እንዳይቀር ፈራ።

ገና እንደ ተከዘ አሳምነውና ወልደጻድቅ እየተሳሳቁ ገቡ። ወልደጻድቅ የኢተያ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው፤ እህል በጫነ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ የነገውን ሰዓት ሊቆርጥ መጥቷል።

«አልሮጥም» አለ ዲሪባ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው። መርገጫውንም ጭምር።

አሳምነው መርገጫውን አየ፣ እግሩን አየ፣ ፊቱ ቀላ። «አንተ ደደብ! አንተ የደደብ መጨረሻ! በየቀኑ ተሸክሜ የማመጣህ እዚህ እንድትሮጥ ኖሯል? ብትነግረኝ እኔ አልረግጥልህም ነበር?» ወንበር ስቦ ጎኑ ተቀመጠና እግሩን መርገጫው ላይ ጣለ። ዲሪባ አምና ያጣውን ስድብ አገኘና ደረቱ ቀለለው።

መኪናው ግን ጮኸ፣ ክሩ ተበጠሰ። እንደገና ሰኩት፣ እንደገና ተበጠሰ። አሳምነው መቼም ሲነሳ ተወርውሮ ነው፤ ሩጫም ይሁን መርገጫ።

«ተነስ፣ ተነስ፣ የሰው ሠርግ ልታበላሽ ነው!» አለ ወልደጻድቅ።

«አንተ ምን ቸገረህ፣ አሸንፈሃል።»

«ኢተያ ገብቼ ምን ብዬ ላውራ? የተቀመጠ ሰው ቀደምኩ ልበል?»

አሳምነውን ገፋ አድርጎ ተቀመጠ። አንገቱን ወደ አዴ ከዲጃ ዘንበል አድርጎ «ውድድሩ እርስዎ ሲፈቅዱ ነው» አላቸውና መርገጥ ጀመረ። አንድ ዓይነት፣ ሳይቸኩል፣ ሳይቋረጥ። ዲሪባ ጨርቁን ከመርፌው ሥር እየመራ ያዳምጥ ጀመር። ይህን ምት ያውቀዋል። አምና ዳገቱ ላይ፣ መጀመሪያ ከኋላው፣ ቀጥሎ ከጎኑ፣ ከዚያ ከፊቱ የሰማው ኮቴ ይኸው ነበር።

እጅጌው ወደ ማለቁ ደረሰ። የዲሪባ ቀኝ እግር አዴ ከዲጃ ጭን ላይ ተዘርግቶ፣ ሳያውቀው፣ ከወልደጻድቅ ጋር እኩል አየሩን ይረግጣል። አዴ ከዲጃ ሊያስቆሙት እጃቸውን ጫኑበት።

«ያምሃል?»

«እንዲህ ሲሆን አያምም።»

እጃቸውን እዚያው ተዉት። እግሩ ከመዳፋቸው ሥር ቀስ እያለ ዳገቱን ይወጣ ነበር።