ከእምነበረዱ የቀረችው

ፈሪሃ ቤይሩትን በወጉ ያየቻት ከመጣች በዘጠነኛ ዓመቷ ነው። በሠራተኝነት ማዳሟ ቤት በነበረችበት ጊዜ ከተማዋን የምታውቃት ከባልኮን ላይ፣ ልብስ ስታሰጣና ምንጣፍ ስታራግፍ ነበር። ማዳሟ ቤቷን ዘግታ ወደ ውጭ አገር ስትሄድና እሷን ከነሻንጣዋ በር ላይ ስትተዋት ደግሞ ናባዓ በሚባል የድሆች ሰፈር ውስጥ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጋራች። ወረቀት ስላልነበራት ፖሊስ ባየች ቁጥር መንገድ እየቀየረች፣ አንገቷን ደፍታ ነበር የምትሄደው። አንገቱን የደፋ ሰው ደግሞ ከአስፋልት በቀር የሚያየው የለም።

ጎብኚዎችን በኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚያዞር አንድ ትንሽ ድርጅት ምካሌስ ውስጥ ከፕላስቲክ ፋብሪካ ጎን መጋዘን ነበረው። ፈሪሃ እዚያ የተቀጠረችው ለጽዳት ነው። ጭቃ ታጥባለች፣ ባትሪ ቻርጅ ላይ ትሰካለች፣ የሰው ላብ የጠጡትን ሄልሜቶች ትወለውላለች። ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ጭር ሲል አንዱን ብስክሌት እየገፋች ግቢው ውስጥ መለማመድ ጀመረች። ሁለት ጊዜ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። በሦስተኛው ሳምንት በቆሙት የጭነት መኪኖች መሃል እየተጠማዘዘች ስትነዳ ሻርቤል ደረሰባት።

ሻርቤል አስጎብኚው ነው፤ በድርጅቱም ድርሻ አለው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሳቁ ቅርብ የሆነ፣ በሦስት ቋንቋ ሰው የሚያጫውት ልጅ ነበር። ይቆጣኛል ብላ ስትጠብቅ ሳቀ። ከሰልፉ ኋላ የሚነዳ ሰው፣ የደከመውን የሚያግዝና ማንም እንዳይቀር የሚጠብቅ ሰው እንደሚፈልግ ነገራት። ወረቀት የለኝም ስትለው ቢጫ ሰደርያ ከመስቀያ አውርዶ ሰጣትና፣ ይህን ለብሶ ከፈረንጅ ኋላ የሚሄደውን ማንም ወረቀት አይጠይቅም አላት።

እውነቱን ነበር። ኬላ ላይ ያሉት ወታደሮች እየሳቁ ያሳልፏቸው ጀመር። ፔዳሉን አንዴ ረገጥ ስታደርገው ብስክሌቱ እንደ በቅሎ ወደፊት ይስባታል፤ የአሽራፊዬን ዳገት ማንም ሳያለከልክ ይወጡታል። ኮርኒሽ በሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ላይ ባሕሩ በግራ በኩል ሲዘረጋላት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ያህል ውኃ አጠገቤ ነበር ወይ ብላ ከራሷ ጋር ተጣላች። በዚያን ሰሞን ናባዓ ያሉት ሴቶች ፈሪሃ ወፈረች ይሉ ነበር፤ የወፈረችው ግን ደስ ብሏት ነው።

የዙሩ አራተኛ ማቆሚያ ገማይዜ ውስጥ ነበር። የወደቡ ፍንዳታ ካፈራረሳቸው ሕንፃዎች አንዱ ነው፤ አሁን ታድሶ ግድግዳው ቢጫ ቀለም ተቀብቷል። በሩ አጠገብ በዓረብኛና በፈረንሳይኛ የሦስት ሰዎች ስም የተቀረጸበት እምነበረድ አለ፤ አባት፣ እናትና አያት። ያቆመላቸው ፓሪስ የሚኖረው ልጃቸው ነው። ሻርቤል ስሞቹን ያነባል፣ ከዚህ ቤት ሦስት ሰው ሞተ ይላል፣ ጎብኚዎቹ ሄልሜታቸውን አውልቀው ለአንድ ደቂቃ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ያላ፣ እንሂድ ብሎ ይነሳል።

ፈሪሃ ያንን ቤት ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የማዳሟ ቤት ፊት ለፊቱ ነበር። በዚያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ፋጡ የምትባል የከሚሴ ልጅ ትሠራ ነበር። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሁለቱ ከባልኮን ባልኮን ያወራሉ፤ ቃሪያ ወይም ሚጥሚጣ የተላከላት በጨርቅ ጠቅልላ ለሌላዋ ትወረውራለች። ፋጡ የማዳሟን ፈረንሳይኛ እያስመሰለች ለልብስ መቆንጠጫው «ሜርሲ፣ ፓርዶን» ስትል ፈሪሃ ሳቋን ለማፈን የረጠበ አንሶላ ውስጥ ፊቷን ትደብቅ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲኖሩ አንድም ቀን ተቃቅፈው አያውቁም፤ ሁለቱም ካልተላኩ በቀር ከቤት አይወጡም ነበርና።

የፍንዳታው ቀን ፈሪሃ ዛልቃ የሚባል ሰፈር ነበረች፤ ማዳሟ የእናቷን ቤት እንድታጸዳ ልካት። አመሻሹ ላይ ከፋጡ የድምፅ መልእክት መጣ። «ፈሪ፣ ወደቡ ላይ ጭስ አለ፣ ቀይ ነገር ነው ወላሂ። ማዳሜ ልብሱ ጭስ ጭስ ሳይል አስገቢ እያለችኝ ነው። ልሰብስብና እደውልልሻለሁ።» አልደወለችም። ባልኮኑ ከነገመዱ፣ ከነልብሱ፣ ከነፋጡ ወረደ።

ፈሪሃ ያንን መልእክት ለማንም አላሰማችም። የፋጡ ታናሽ ወንድም አብዱልዋሂድ ከከሚሴ ደውሎ ሲጠይቃት፣ በፍንዳታው ሞተች ብቻ አለችው። ልጅሽ አንሶላ ስታነሳ ሞተች ተብሎ ለእናት እንዴት ይነገራል?

አሁን ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ እዚያው በር ላይ ቆማ «ሦስት» ሲባል ትሰማለች። አንድ ወር ቻለችው። በኋላ ሻርቤልን መጋዘን ውስጥ ለብቻው አግኝታ አራት እንደሆኑ ነገረችው። ሻርቤል ያ ሀራም፣ ምስኪን እያለ ራሱን ያዘ፤ እስካሁን ለምን ዝም እንዳለች ጠየቃት። ለሟቾቹ ልጅም ጻፈለት። ልጁ በትሕትና መለሰ፤ ነገሩ እንደሚያሳዝነው፣ ግን ድንጋዩ አንዴ ተቀርጾ ስላለቀ ሌላ ስም የሚገባበት ቦታ እንደሌለ።

በሚቀጥለው ዙር ሻርቤል ሦስቱን ስሞች አንብቦ ሲያበቃ፣ «ደግሞም ሲርላንኪዬያቸው» አለ። ቤይሩት ውስጥ የቤት ሠራተኛ ሁሉ፣ ከየትም ትምጣ፣ መጠሪያዋ ይኼው፣ ስሪላንካዊት ነው። ፈሪሃ ከኋላ ሆና አረመችው፤ ኢትዮጵያዊት ናት፣ ስሟም ፋጡ ነው አለች። ሰዎቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። ሻርቤል ሳይደናገጥ እጁን ወደ እሷ ዘርግቶ፣ ይህች የሟቿ ጓደኛ ናት፣ አብራን ትነዳለች አላቸው። አንዲት የቤልጅግ ሴት ብስክሌቷን ጥላ መጥታ አቀፈቻት። ሌሎቹ ፎቶ አነሱ።

ፈሪሃ በዚያ ቀን ጥሩ ስሜት ተሰማት፤ አልካደችም። የፋጡ ስም በፈረንጅ አፍ፣ ጎርበጥ እያለም ቢሆን፣ ያን መንገድ ሞላው። ለአብዱልዋሂድ ደውላ ነገረችው። «በአደባባይ ጠሯት?» አለ። ጠሯት አለችው። እናቱ ስትሰማ መሬቱን እንደሳመች በማግስቱ ነገራት።

ጎብኚዎቹ ወደየአገራቸው ሲመለሱ ስለዚያች ማቆሚያ ይጽፉ ጀመር። ሻርቤል እየተረጎመ ያነብላታል፤ ባሕሩ ውስጥ ከቆመው ከራውሼ ድንጋይ ይልቅ እሷን ያስታውሷታል። አንድ ደቂቃ የነበረው አሥር ሆነ። ማቆሚያውም ከአራተኛነት ወደ መጨረሻ ተዛወረ፣ ሰው ከምሳ በፊት ልቡ ተነክቶ እንዲለያይ። በዚያው ልክ ታሪኩም ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ፋጡ ቤተሰቡን እንደ ወላጆቿ ትወድ ነበር ተባለ። ቀጥሎ ጭሱን ስታይ አሮጊቷን ወደ ውስጥ ጎትታ አስገባች ተባለ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ሻርቤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የጎረቤት ልጅ ላይ ወድቃ በገላዋ ሸፍና ሕፃኑን እንዳዳነችው ተናገረ። ሴቶቹ አለቀሱ። ፈሪሃ እጇ ፍሬኑ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

ምንም ልጅ አልነበረም ብላ ስትሞግተው ሻርቤል አልተሸማቀቀም።

«ፈሪሃ፣ ሞተች ሲባል ሰው ይረሳል። ልጅ አድና ሞተች ሲባል ግን አይረሳም። አንቺ የፈለግሽው እንዳትረሳ አይደለም ወይ?»

 ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት የዚያን ልጅ ታሪክ ዝም ብላ ሰማችው፤ በኋላ ራሷን የረገመችው ለዚህ ዝምታ ነው። ሻርቤል ቢጫውን ሰደርያ ትታ ጥለት ያለው ነጭ የሀገር ልብስ እንድትለብስ ሲጠይቃትም ሰንሰለቱ ውስጥ ይገባል አለች እንጂ እምቢ አላለችም። ለመጨረሻዋ ማቆሚያ ብቻ፣ ከላይ ደርበሽ አላት። ገዝቶም አመጣላት።

ዝምታዋ ያበቃው በአንድ እሑድ ረፋድ ነው። ጎብኚዎቹ ሽማግሌና አሮጊት ፈረንሳውያን ነበሩ። ሻርቤል ሕፃኑን አድኖ ሲጨርስ፣ አንዲት ፀጉሯ የነጣ ሴት ወደ ፈሪሃ እያየች፣ ጓደኛሽ ለመጨረሻ ጊዜ ምን አለችሽ ብላ ጠየቀች። ሻርቤል ጥያቄውን ለፈሪሃ ወደ ዓረብኛ ተረጎመላት። ፈሪሃ ከነጩ ልብስ ውስጥ ሆና ባልኮኑን ቀና ብላ አየችው። አዲስ የብረት ዘንግ ተደርጎለታል። ሌላ ሰው ፎጣ አስጥቶበታል።

«ማዳሜ ልብሱን አስገቢ እያለችኝ ነው፣ እደውልልሻለሁ ነው ያለችኝ» አለች በዓረብኛ።

ሻርቤል «ልጁን አደራ ብላኛለች ትላለች» ብሎ በፈረንሳይኛ ተረጎመ።

ፈረንሳይኛው ለፈሪሃ ይበቃታል፤ አምስት ዓመት የታዘዘችው በእሱም ጭምር ነው። «ፓርዶን ማዳም፣ እንዲህ አላለችም» አለች በዚያው ቋንቋ። ስልኳን አውጥታ የፋጡን ድምፅ ከፈተችው። የከሚሴዋ ልጅ በማንም ጎብኚ ጆሮ በማይገባ አማርኛ ስለ ቀዩ ጭስ ተናገረች። ፈሪሃ ቃል በቃል እያቆመች ተረጎመችላቸው፤ ጭሱን፣ ማዳሟን፣ ልብሱን። ልጅ የሚባል እንዳልነበረም ጨመረች። ስትጨርስ አንዱ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ደህና የነበረውን ፍሬኑን ይነካካ ጀመር። ፀጉረ ነጯ ሴት ፊቷን ወደ እምነበረዱ አዞረች። ማንም ሊያቅፋት አልመጣም። ሻርቤል ያላ ሲል ሁሉም ከወትሮው ፈጥነው ተነሡ፤ ወደ ምሳው ሲነዱ፣ ማንም እንዳይቀር ከኋላ የምትጠብቀው እሷ ብቻዋን ቀርታ እንደሆነ ዞሮ ያየ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሻርቤል መጋዘን ድረስ መጣ። አልጮኸባትም፤ ፊቱ ያዘነ ሰው ፊት ነበር።

«ፓሪስ ያለው የሟቾቹ ልጅ ይሰማል። የሞተች እናቱን ነፍሰ ገዳይ አደረግሽበት» አላት።

«ገዳይ አላልኩም። ልብስ አስገቢ አለቻት ነው ያልኩት።»

«ሰው ሽርሽር መጥቶ፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ትንሽ አልቅሶ መሄድ ይፈልጋል። አንቺ አሳፈርሻቸው።» ከዚያ ኸላስ፣ በቃ ብሎ እጁን ዘረጋ። ሰደርያውንና ሄልሜቱን ሰጠችው። ነጩን ልብስም አጣጥፋ ከላይ አስቀመጠችለት። አቤት የምትልበት ቦታ እንደሌላት እሱም እሷም ያውቃሉ። ከምካሌስ እስከ ናባዓ በእግሯ፣ እንደ ድሮው በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሄደች።

በሁለተኛው ሳምንት ያ ነጭ ልብስ ናባዓ ታጥቦ ተሰጥቶ አየችው፤ ከእነሱ ክፍል በላይ በምትኖረው በሙሉመቤት ገመድ ላይ። ሙሉመቤት የመጣችው ከፍንዳታው ሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ፋጡን አይታት አታውቅም። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ልጅቷ ዓይኗን ሰበረች። ፈሪ፣ ቦታሽን በመያዜ ተቀይመሽኛል ብላ ጠየቀቻት። ፈሪሃ አልተቀየምኩም አለች። ከሚሴን ግን በትክክል ጥሪያት አለቻትና አለፈች። ክፍሏ ገብታ ግን እስክትደክም ድረስ ወለሉን ደጋግማ ፈተገችው።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ወዲያ፣ አብዱልዋሂድ ደወለ። ድምፁ ሌላ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ የሰው ጫጫታ ይሰማል። አንድ ጎብኚ የቀረጸው ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ከሚሴ ደርሷል። ነጭ የለበሰች የሀገር ልጅ እያለቀሰች፣ ፋጡ በገላዋ ሸፍና ስላዳነችው ሕፃን በአማርኛ ትናገራለች። ሻርቤል ከጎኗ ቆሞ ይተረጉማል። እናታቸው ደጋግመው ስላዩት የተዋሱት ስልክ ባትሪው አልቆ ነበር። ከሞቷ ጀምሮ እህል በወጉ ያልበሉት ሴትዮ፣ ልጄ ነፍስ አድና ነው የሄደችው፣ ሸሂድ፣ ሰማዕት ናት እያሉ ለመጣው ሁሉ ይናገራሉ።

«ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን ደበቅሽን?» አላት አብዱልዋሂድ። ቁጣ አልነበረውም፤ እንደ ማመስገን ነበር። «እንዳናዝን ብለሽ ነው፤ አውቀናል። አብሽሪ።»

ፈሪሃ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አደረገችው። የፋጡ ድምፅ እዚያው ስልክ ውስጥ ነው፤ አንድ ጊዜ ብትነካው ይወጣል። ፀጉረ ነጯን ፈረንሳዊት ያሳፈረችበት ድፍረት ግን እጇ ላይ አልመጣ አለ። ለማያውቋት ሰዎች የተናገረችውን እውነት ለወለደቻት መናገር አቃታት።

«እህቴ፣ አለሽ?» አለ አብዱልዋሂድ። «እናቴ የልጁን ስም ንገሪኝ ትላለች። ስሙን ጠርታ ዱዓ ልታደርግለት ነው።»

ከበስተኋላ ጫጫታው ረገበ። ሰው ሁሉ መልሷን እየጠበቀ እንደሆነ ገባት።

«ካሪም» አለች።

አብዱልዋሂድ ስሙን ጮክ ብሎ ደገመው። የእናትየው ድምፅ ከሩቅ ሲነሳ፣ አላህ ካሪምን ያሳድግልን ሲሉ፣ የተሰበሰበውም ሰው አሚን ሲል ሰማች። ከዚያ አብዱልዋሂድ ተመልሶ፣ ልጁ ደህና እንደሆነ ጠየቃት።

«ደህና ነው» አለችው። «ትምህርት ቤት ገብቷል።»