አፍ ውስጥ ያደረ ቃል

«አንቺ ልጅ፣ ኧረ እህል ቅመሺ! ሦስት ቀን ሙሉ ምንድነው የምታነበንቢው?» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሼ በሪሁን፣ የንፍሮውን ሰሃን ወደ እምነት እየገፉ።

እምነት ራሷን ነቀነቀች፤ ከንፈሯ ግን አላረፈም። አባቷ ውብሸት በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ድንኳኑ ከመርካቶ ሱቆች ጀርባ፣ ጠባቧ መንገድ ላይ ተተክሏል። የገበያው ዕቃ ተሸካሚዎች እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መንገድ፣ መንገድ» ይላሉ። «እግዜር ያጥናሽ» የሚላትም ሰው በሕልም እንደሚናገር ከሩቅ ይሰማታል። አፏን ለመልስ ከከፈተች የያዘችው የሚያመልጣት ይመስላታል። የያዘችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ትርጉሙን ግን አታውቀውም። ሲያሸልባት ሐይቅ ላይ ተንሳፍፎ ሲርቅ ታየዋለች፤ ደንግጣ ትነቃና ትደግመዋለች።

ውብሸት ከዝዋይ ሐይቅ ደሴት መጥቶ መርካቶ ውስጥ አርባ ዓመት ገመድ ሸጧል። የደሴቱን ቋንቋ፣ ዛይኛውን፣ ለልጆቹ አላወረሰም። «ምን ሊሠራላችሁ? እንግሊዝኛችሁን አጥኑ» ይል ነበር። እምነትም አልከፋትም፤ እንዲያውም ከአገሩ ሰዎች ጋር ጮክ ብሎ ሲያወራ ጓደኞቿ እንዳይሰሙ ታፍር ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰና አማርኛው ከሱ ቀድሞ ሄደ። አራት ቀን በዛይኛ ብቻ ተናገረ። ውሃ በማንኪያ ባቀረበችለት ቁጥር እጇን እየገፋ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይላታል። ጠልቶኛል፣ ያፈርኩበት ገብቶት ነው የሚቀጣኝ እያለች አንጀቷ አረረ።

«በቃ ተይው» አለ ወንድሟ ቶማስ አጠገቧ ተቀምጦ። «አባባ ዕድሜ ልኩን ያናገረን በአማርኛ ነው። ያ ቋንቋ ደግሞ ከነሽማግሌዎቹ እያለቀ ነው፤ ምን ያደርግልሻል?»

እምነት መድገሟን ቀጠለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ለዚህ ሲባል ሞኝ መባልን አልጠላችውም።

የአባቷ እህት እቴቴ ስልክ የላቸውም፤ መርዶው ደሴቱ ድረስ በጀልባ ነው የሄደላቸው። ከሰዓት በኋላ ደረታቸውን እየደቁ ድንኳኑ ገቡና በዛይኛ ሙሾ አወረዱ። ለቀስተኛው በምን ቋንቋ እንደሚቀበላቸው ጠፋው። ብቻቸውን አውርደው ብቻቸውን ጨረሱ።

እምነት እግራቸው ሥር ተንበርክካ «እቴቴ፣ ይቺን ይስሙኝ» አለችና የያዘችውን በጆሯቸው አለችው።

እቴቴ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው።

«መጀመሪያውን አበላሽተሽዋል ልጄ። መጨረሻው ግን ‹አንቺ ቅደሚ› ነው። አባታችን ቤት ልጅ ሳይቀምስ አባት አይቀምስም ነበር።»

እምነት አፏን በነጠላዋ ይዛ ተንሰቀሰቀች። አልጠላትም። ከንፈሩ በጥም ተሰነጣጥቆ እሷ እስክትጠጣ ሲጠብቅ ነበር። ይሄ ደግሞ ከፊተኛው ይበልጥ አቃጠላት።

«መጀመሪያውስ ምን ነበር?»

«እሱን እንጃ። እሱስ ከወንድሜ ጋር ሄዷል።»

እምነት ወደ እቴቴ ጠጋ አለችና፣ «እንደዚያ ሲሉን ምን ተብሎ ነው የሚመለሰው?» አለች።

እቴቴ አንድ አጭር ቃል ተናገሩ። እምነት ተከትላ አለችው።

«አይደለም» አሉ እቴቴ። አገጯን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ በእንባ የራሰ ከንፈሯን በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው አስተካከሉላት።

«በይ፣ እንደገና።»